የተላከው ኢሜይል የት ቀረ? የኢሜይል ሰርቨሮች አሠራርና የሚሰናከሉባቸው ምክንያቶች

በኢሜይል ማኅደር ውስጥ «ተልኳል» የሚለው ቃል የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልእክቱ ከጸሐፊው እጅ ወጥቶ የራሱ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ተረክቦታል። ተቀባዩ ዘንድ ስለ መድረሱ ቃሉ ምንም አይናገርም።

በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ያስከፍላል። የጨረታ ሰነድ ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ የጥሪ ደብዳቤው በስፓም ማኅደር ውስጥ ተቀብሮ የምዝገባው ቀን ያልፍበታል። ቡና ላኪ ድርጅት ያዘጋጀው የዋጋ ማቅረቢያ ገዢው ዘንድ ሳይደርስ ይቀርና ውሉ ለሌላ ይሰጣል። ላኪው «መልስ ነፈጉን» ሲል፣ ተቀባዩ «መቼ ላካችሁና?» ይላል።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የራሳቸውን የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ባንኮች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች አሉ። የራሳቸው የኢንተርኔት ስም እያላቸው በደብዳቤያቸው ራስጌ ላይ የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ የሚያሰፍሩም ጥቂት አይደሉም። ከዚህ ምርጫ በስተጀርባ አንድ የተለመደ ቅሬታ ይሰማል፦ «የመሥሪያ ቤታችን ኢሜይል አይደርስም»።

ይሁንና ኢሜይል ዱካው ሳይታወቅ የሚጠፋበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱ የቆመበት ቦታም ሆነ የቆመበት ምክንያት በሰርቨሩ መዝገብ ላይ በጽሑፍ ሰፍሯል። የሚጎድለው መዝገቡን ገልጦ የሚያነብ ሰው ነው።

ከፖስታ ቤት እስከ ፖስታ ሣጥን

የኢሜይል አሠራር በኢትዮጵያ ከሚታወቀው የፖስታ ሣጥን ልማድ ጋር ይቀራረባል። ደብዳቤ ፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ሄዶ እስኪከፍተው ድረስም በሣጥኑ ውስጥ ይቆያል።

በሰርቨር ውስጥም ሥራው በሁለት ፕሮግራሞች ይከፈላል። የመጀመሪያው አመላላሽ ነው፤ ደብዳቤ ይቀበላል፣ ወደሚሄድበት ያደርሳል። ሰንድሜይል፣ ኤግዚምና ፖስትፊክስ የተባሉት ፕሮግራሞች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ሁለተኛው ሣጥን ጠባቂ ነው፤ ባለቤቱ ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ ሲጠይቅ የይለፍ ቃሉን አረጋግጦ ደብዳቤዎቹን ያሳያል። ከእነዚህ መካከል ዶቭኮት በስፋት ይሠራበታል። የማይክሮሶፍቱ ኤክስቼንጅ ደግሞ ሁለቱንም ሥራ አጣምሮ ይይዛል።

ይህ የሥራ ክፍፍል ብልሽት ለሚፈልግ ባለሙያ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው። ሠራተኞች የቆዩ ደብዳቤዎቻቸውን እያነበቡ አዲስ ካልመጣላቸው ምርመራው ከአመላላሹ ይጀምራል። ጨርሶ ወደ ሣጥናቸው መግባት ካቃታቸው ግን በቅድሚያ የሚጠየቀው ሣጥን ጠባቂው ነው።

አንድ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲላክ በመጀመሪያ የሚደርሰው ላኪው ከሚሠራበት ተቋም ሰርቨር ነው። የላኪው ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ የሚገባው በፖርት 587 ወይም በፖርት 465 ሲሆን፣ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ሰርቨሩ ደብዳቤውን ከተረከበ በኋላ ዲኤንኤስ የተባለውን የኢንተርኔት የአድራሻ መዝገብ «የዚህ ተቋም ደብዳቤ ተቀባይ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የሚገኘው ኤምኤክስ ከተሰኘው የመዝገቡ ክፍል ነው። ከአንድ በላይ ተቀባይ ከተመዘገበ ቅድሚያ የሚሰጠው አነስተኛ ቁጥር ለያዘው ነው።

ከዚያ ሁለቱ ሰርቨሮች በፖርት 25 ይገናኛሉ። ላኪው ስሙን ይናገራል፤ ደብዳቤው ከማን ወደ ማን እንደሆነ ይገልጻል፤ ይዘቱንም ያስረክባል። ተቀባዩ ሰርቨር «250» የሚል ምላሽ ሲሰጥ ርክክቡ ተፈጽሟል። ከዚያች ቅጽበት አንስቶ ለደብዳቤው ኃላፊው እርሱ ነው።

የሥርዓቱ ምሰሶ ይህ የርክክብ ሕግ ነው። ሌላ ሰርቨር እስኪረከበው ድረስ ላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን አይጥልም። ማድረስ ካልቻለም ለጸሐፊው መልሶ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

በመተማመን ላይ የተገነባ ሥርዓት

በኮምፒውተር መረብ አማካይነት የመጀመሪያው ኢሜይል የተላከው እአአ በ1971 ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን መልእክቱን የላከው እዚያው አጠገቡ ወደነበረ ሌላ ኮምፒውተር ነበር። የተጠቃሚውን ስም ከኮምፒውተሩ ስም ለመለየት ዛሬ በእያንዳንዱ የኢሜይል አድራሻ መሐል የሚገኘውን ምልክት የመረጠውም እርሱ ነው።

ሰርቨሮች እስከ ዛሬ የሚነጋገሩበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ በጆን ፖስቴል አርቃቂነት የወጣው እአአ ነሐሴ 1982 ነበር። በዚያ ዘመን መረቡን የሚጠቀሙት በቁጥር ጥቂት የሆኑ ተመራማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ደንቡ «በእርግጥ ነኝ ያልከውን ነህ?» የሚል ጥያቄ አልተካተተበትም። ማንም ሰው በፖስታው ጀርባ ላይ የፈለገውን ስም መጻፍ እንደሚችል ሁሉ፣ ማንኛውም ሰርቨር በሌላ ተቋም ስም ደብዳቤ መላክ ይችል ነበር።

የአደጋው ምልክት የታየው ግን ደንቡ ከመውጣቱም በፊት ነው። እአአ ግንቦት 1978 ጋሪ ተርክ የተባለ የኮምፒውተር አምራች ኩባንያ ሠራተኛ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ማስታወቂያ ላከ። ድርጊቱ ዛሬ «ስፓም» ለሚባለው ያልተጠየቀ የጅምላ መልእክት የመጀመሪያው ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ቀደም ባሉት ዓመታት ሰርቨሮች ለማያውቁት ሰው ጭምር ደብዳቤ ያመላልሱ ነበር። ዛሬ አንድ ሰርቨር በስሕተት እንዲህ በሩን ከፍቶ ከተገኘ የጅምላ መልእክት ላኪዎች ወዲያው ይሠፍሩበታል። ውጤቱም ከባድ ነው። እአአ በ1998 እንደተመሠረተው ስፓምሃውስ ያሉ ተቋማት የአጥፊ ሰርቨሮችን አድራሻ መዝግበው ይይዛሉ፤ በርካታ ተቀባዮችም ደብዳቤ ከመረከባቸው በፊት ይህን መዝገብ ይመለከታሉ። በመዝገቡ የሰፈረ ተቋም ሠራተኞቹ የሚጽፉት እውነተኛ ደብዳቤም ከበር ይመለሳል።

ከዝርዝሩ ለመውጣት ማመልከት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ክፍተቱ ይደፈናል፣ ከዚያ ማመልከቻው ይገባል። ክፍተቱ ሳይዘጋ የተሰረዘ አድራሻ ተመልሶ መመዝገቡ አይቀርም።

ዝርዝር፣ ማኅተም እና መመሪያ

በኢትዮጵያ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቁጥር፣ ፊርማና ክብ ማኅተም ከሌለው የሚቀበለው አያገኝም። ኢሜይል ግን ለረጅም ዘመን ያለ ማኅተም ሲዘዋወር ኖሯል። ክፍተቱን ለመሙላት ሦስት ማረጋገጫዎች ተበጁ፤ ሦስቱም ተቋሙ በዲኤንኤስ በሚያስመዘግባቸው አጫጭር ጽሑፎች ላይ ይመሠረታሉ።

የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ ይባላል። በተቋሙ ስም ደብዳቤ ለመላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው። ሦስት ስሕተቶች በተደጋጋሚ ይታዩበታል። አንደኛው፣ አንድ ዝርዝር ብቻ መኖር ሲገባው ሁለት ማስመዝገብ ሲሆን፣ ይህ ሁለቱንም ዋጋ ያሳጣቸዋል። ሁለተኛው ሌሎች ላኪዎችን መዘንጋት ነው፤ የተቋሙ ድረ ገጽ፣ የደመወዝ ማሳወቂያው ሥርዓትና የዜና መጽሔት አከፋፋዩ ከሌላ ሰርቨር የሚልኩ ከሆነ እነርሱም መካተት አለባቸው። ሦስተኛው ደግሞ ዝርዝሩ ወደ ሌሎች ዝርዝሮች እየመራ ከ10 በላይ የመዝገብ ፍተሻ የሚጠይቅ ሲሆን ነው፤ ከዚህ ገደብ ያለፈ ዝርዝር ተቀባይነት ያጣል።

ሁለተኛው ዲኪም የተባለው ዲጂታል ማኅተም ነው። ሰርቨሩ በምስጢር በሚይዘው ቁልፍ እያንዳንዱን ደብዳቤ ያትማል፤ ማኅተሙን የሚመረምር ሌላ ቁልፍ ደግሞ በዲኤንኤስ ለሁሉም ይፋ ይሆናል። በማኅተሙ የተሸፈነው የደብዳቤው ክፍል በመንገድ ላይ ከተለወጠ ማኅተሙ ይከሽፋል። ደብዳቤ በሌላ ሰርቨር በኩል ሲተላለፍ የኤስፒኤፍ ፍተሻ ብዙውን ጊዜ ይወድቃል፤ ይዘቱ እስካልተነካ ድረስ ግን ማኅተሙ ይጸናል። ሁለቱ አብረው የሚያስፈልጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው ዲማርክ ነው። ለአንባቢው የሚታየው የላኪ ስም ከሁለቱ ማረጋገጫዎች ቢያንስ በአንዱ ከተረጋገጠው ስም ጋር እንዲስማማ ይጠይቃል። ካልተስማማም ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ተቋሙ መመሪያ ይሰጥበታል፤ ይለፍ፣ ወደ ስፓም ይግባ፣ ወይም ይመለስ። ከዚህም ሌላ ተቀባዮች በተቋሙ ስም ማን ምን ያህል እንደላከ ሪፖርት የሚያደርጉበትን አድራሻ ያሳውቃል።

ባለሙያዎች «ይለፍ» በሚለው መመሪያ ጀምሮ፣ ሪፖርቶቹን ለጥቂት ሳምንታት ማንበብንና ከዚያ ቀስ በቀስ ማጥበቅን ይመክራሉ። ሳያጣሩ በቀጥታ «ይመለስ» ያለ ተቋም የራሱን የሒሳብ ክፍል ደብዳቤ ሊያስመልስ ይችላል። በሌላ በኩል ዓመታት አልፈው መመሪያው «ይለፍ» እንዳለ ከቀረ ለአስመሳዮች የሚመች ክፍተት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንደሚባለው፣ በሌላው ስም የሚያጭበረብሩ ሰዎች መመሪያ ያላወጣ ተቋም ይመቻቸዋል።

ከሦስቱ ሌላ የሰርቨሩ አይፒ ቁጥር ሲጠየቅ ስሙን መልሶ የሚናገር ተገላቢጦሽ መዝገብም ያስፈልጋል። ይህን የሚያስመዘግበው ግን የአይፒ ቁጥሩ ባለቤት፣ ማለትም የቴሌኮም ወይም የኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት ነው። ስለዚህ የተቋሙ ባለሙያ የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን ለአቅራቢው ማመልከቻ ሳያስገባ ይህን ማሟላት አይችልም።

እነዚህ ማረጋገጫዎች ለብዙ ዓመታት በምክር ደረጃ ቆይተዋል። ከእአአ የካቲት 2024 ጀምሮ ግን ጉግልና ያሁ ግዴታ አድርገዋቸዋል። ለማንኛውም ላኪ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ከተገላቢጦሽ መዝገቡ ጋር ይጠየቃል። ለጂሜይል ተጠቃሚዎች በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም ማሟላት አለበት። ማይክሮሶፍትም ለአውትሉክና ለሆትሜይል አድራሻዎች ተመሳሳይ መስፈርት እአአ ግንቦት 2025 ሥራ ላይ አውሏል። የፈተና ውጤት ለተማሪዎቹ በአንድ ቀን ለሚያሳውቅ ዩኒቨርሲቲ የ5,000 ገደብ ሩቅ አይደለም።

ብልሽት ሲፈለግ ከየት ይጀመራል?

ልምድ ያለው የሰርቨር አስተዳዳሪ አንድም ቅንብር ከመንካቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ መልእክቱ የት ድረስ ደርሷል? ይህ ሳይመለስ ቅንብር መለወጥ በመጀመሪያው ብልሽት ላይ ሁለተኛ መጨመር ነው።

ለምርመራው ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፤ የላኪው አድራሻ፣ የተቀባዩ አድራሻና የተላከበት ትክክለኛ ሰዓት። እያንዳንዱ ደብዳቤ ሰርቨሩ ሲረከበው የራሱ መለያ ይሰጠዋል። ያንን መለያ በመዝገቡ ውስጥ መከተል የደብዳቤውን ጉዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳያል።

መዝገቡ ውስጥ ምንም ዱካ ካልተገኘ ደብዳቤው ሰርቨሩ ጋር አልደረሰም፤ የሚመረመረው የላኪው ኮምፒውተር፣ የይለፍ ቃሉና የሚገባበት ፖርት ነው። «250» የሚል ርክክብ ከተገኘ ደግሞ የላኪው ወገን ድርሻውን ፈጽሟል፤ ፍለጋው ወደ ተቀባዩ የስፓም ማኅደር ወይም ደብዳቤ ወደ ሌላ እንዲዛወር ወዳዘዘበት ቅንብር ይሻገራል።

በእነዚህ መካከል ያሉት ምላሾች በመጀመሪያ አኃዛቸው ይለያሉ። በ4 የሚጀምር ቁጥር «ለጊዜው አልቻልኩም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው። አንዳንድ ሰርቨሮች የማያውቁትን ላኪ ሆን ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ይመልሱታል፤ እውነተኛ ሰርቨር ከደቂቃዎች በኋላ ስለሚመለስ ደብዳቤው ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል። ስለዚህ የአሥር ደቂቃ መዘግየት ብልሽት ላይሆን ይችላል።

በ5 የሚጀምር ቁጥር ግን ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው። ከእርሱ ቀጥለው የሚመጡት በነጥብ የተለያዩ ቁጥሮች ምክንያቱን ይናገራሉ። 5.1.1 የተቀባዩ አድራሻ እንደሌለ፣ 5.2.2 ሣጥኑ እንደሞላ ያመለክታሉ። በ5.7 የሚጀምሩት በደኅንነት ወይም በአሠራር ደንብ መከልከልን ያሳያሉ፤ ለምሳሌ ጂሜይል 5.7.26 ብሎ ሲመልስ የላኪው ማንነት አልተረጋገጠም ማለቱ ነው። ብዙ ላኪዎች ይህን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ሳያነቡ ያጠፉታል። ለባለሙያው ግን ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የሚመጣ ደብዳቤ እየገባ የሚወጣው በሙሉ ተሰልፎ ከቀረ ሌላ ምክንያት ይጠረጠራል። ስፓምን ለመከላከል ሲሉ ወደ ውጭ የሚወጣውን ፖርት 25 የሚዘጉ የኢንተርኔትና የክላውድ አቅራቢዎች ብዙ ናቸው። ምልክቱ ሁሉም ተቀባይ ጋር «ግንኙነቱ ሳይሳካ ጊዜው አለፈ» የሚል ምላሽ መደጋገሙ ነው። መፍትሔው አቅራቢው ፖርቱን እንዲከፍት መጠየቅ ወይም ደብዳቤዎቹን ፈቃድ ባለው ሌላ አመላላሽ በኩል ማሳለፍ ነው።

አስተዳዳሪዎችን ከሚያደክሙት ችግሮች ብዙዎቹ ግን ከዚህ እጅግ ቀላል ናቸው። የሰርቨሩ ዲስክ ይሞላና አዲስ ደብዳቤ መቀበል ያቆማል። የተቋሙ የኢንተርኔት ስም ዓመታዊ ክፍያ ይረሳና ኢሜይሉም ድረ ገጹም በአንድ ቀን ይጠፋሉ። የምስጠራ ሰርተፍኬት ጊዜው ያልፍና የሠራተኞች ስልክ በሙሉ ማስጠንቀቂያ ያሳያል።

በሰርተፍኬት ረገድ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ተቋም በነጻ የሚሰጠው የተለመደው ሰርተፍኬት የ90 ቀን ዕድሜ ያለው ሲሆን በራሱ እንዲታደስ ማድረግ ይቻላል። ይሁንና ፋይሉ ታድሶም ፖስትፊክስና ዶቭኮት አዲሱን እንዲያነቡ ካልታዘዙ አሮጌውን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። አስተዳዳሪው «ሰርተፍኬቱ ታድሷል» ሲል ተጠቃሚው «ጊዜው አልፏል» የሚል ጽሑፍ ያያል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደብዳቤው ስንት ቀን ይጠብቃል?

ለዚህ ቀጠና አንባቢ ይህ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ ሰርቨር ካልተገኘ ላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን በወረፋ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል። ዓለም አቀፉ ደንብ ሙከራው በጥቅሉ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀናት እንዲቆይ ይላል፤ ፖስትፊክስ ካልተለወጠ በስተቀር 5 ቀን ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ለጸሐፊው ይመለሳል።

ይህ ማለት ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶበት የዋለ ሰርቨር ሰኞ ሲነሣ የተላከለትን ሁሉ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። ረዘም ላሉ መቋረጦች ግን አምስቱ ቀናት አይበቁም። በዩጋንዳ እአአ ጥር 2021 በምርጫው ዋዜማ የተዘጋው ኢንተርኔት ወደ 5 ቀናት ገደማ ቆይቷል፤ ይህም ልክ ገደቡ ጫፍ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ እአአ ሰኔ 30 ቀን 2020 የተጀመረው መቋረጥ ሦስት ሳምንታት ያህል ዘልቋል። በትግራይ እአአ ኅዳር 2020 የጀመረው የግንኙነት መቋረጥ ደግሞ በዓመታት የሚቆጠር ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰርቨሩ የሚገኝበት ቦታ ልዩነት ያመጣል። በተዘጋው አካባቢ ላለ ሰርቨር የሚላኩ ደብዳቤዎች ከቀናት በኋላ ለጸሐፊዎቻቸው ይመለሳሉ። ሰርቨሩ ውጭ አገር ከሆነ ደብዳቤው ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቱ ግን መስመሩ እስኪመለስ ሊያነበው አይችልም።

የባሕር ስር ገመድ ሲበጠስ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። እአአ ግንቦት 12 ቀን 2024 ሁለት ገመዶች ተበላሽተው ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ታንዛኒያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ሲዳከም እንደታየው፣ ችግሩ ከውጭ ጋር በሚያገናኘው መስመር ላይ ሲሆን የአገር ውስጥ ሰርቨር ያለው ተቋም ቢያንስ ከባልደረቦቹ ጋር መጻጻፉን ሊቀጥል ይችላል።

አንዳንድ ተቋማት ሁለቱን ለማጣመር በሌላ አገር ተጠባባቂ ተቀባይ ያስመዘግባሉ፤ ዋናው ሲጠፋ እርሱ ደብዳቤውን ተረክቦ ያቆያል። ሆኖም ተጠባባቂው እንደ ዋናው ሁሉ ስፓም ማጣራትና የሌሉ አድራሻዎችን መለየት ካልቻለ አጭበርባሪዎች የጓሮ በር ያደርጉታል።

የተሰረቀ ቁልፍ

ማረጋገጫዎቹ ሁሉ ተሟልተው ሳለ የአንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ከተሰረቀ ሌባው በእውነተኛው ማኅተም ይጠቀማል።

ጩኸታሙ ሌባ በቀላሉ ይታወቃል። ሌሊት ላይ የሰርቨሩ ወረፋ በድንገት በሺዎች በሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ያብጣል፤ ሁሉም ከአንድ ሠራተኛ ስም ይወጣሉ። ወረፋው ይታገዳል፣ የይለፍ ቃሉ ይለወጣል፣ ክፍት የቆዩ መግቢያዎች ይዘጋሉ። ከዚያ የሌባው ደብዳቤዎች ብቻ ተለይተው ይጠፋሉ። በድንጋጤ ወረፋውን ሙሉ በሙሉ መሰረዝ የሌሎች ሠራተኞችን ደብዳቤ አብሮ ያጠፋል።

ይበልጥ የሚጎዳው ግን ዝምተኛው ነው። ገብቶ ለሳምንታት ያነባል፤ ደብዳቤዎች በስውር ወደ እርሱ እንዲዛወሩ ያደርጋል። የክፍያ ወቅት ሲደርስ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል አጭር ማስታወሻ በእውነተኛው የጽሑፍ ልውውጥ መካከል ያስገባል። የአሜሪካው ፌዴራል ምርመራ ቢሮ በዚህና በመሰል የንግድ ኢሜይል ማጭበርበሮች ምክንያት በ2023 ብቻ ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ ሪፖርት እንደደረሰው አስታውቋል።

በዚህ ላይ የሰርቨር ቅንብር ብቻውን አይበቃም። ለመግቢያ ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠየቅ፣ የማዛወሪያ ቅንብሮችን በየጊዜው መፈተሽ፣ የባንክ ሒሳብ ለውጥ ሲመጣም ቀድሞ በሚታወቅ የስልክ ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በኢሜይሉ ላይ የተጻፈው የስልክ ቁጥር የሌባው ሊሆን ይችላል።

በራስ ግቢ ወይስ በኪራይ?

ይህን ሁሉ ሸክም የሚያይ ተቋም አገልግሎቱን ከትልልቅ ኩባንያዎች መከራየት ቢመርጥ አይፈረድበትም። ስፓም ማጣራትና የደኅንነት ማሻሻያ የአቅራቢው ሥራ ይሆናል። በአንጻሩ ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ነው፤ የተቋሙ ምስጢርም በሌላ አገር ሕግ ሥር ይቀመጣል። መከራየት ደግሞ ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን ከማስመዝገብ አያድንም፤ የስሙ ባለቤት ተቋሙ ነውና።

በራስ ግቢ ሰርቨር የሚያቆም ደግሞ ያለማቋረጥ የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል። ማይክሮሶፍት እአአ መጋቢት 2 ቀን 2021 በኤክስቼንጅ ሰርቨር ላይ የተገኙ ከባድ ክፍተቶችን የሚደፍን ማሻሻያ ሲያወጣ ጥቃቱ አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በዓለም ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተቋማት ተጎድተዋል፤ ማሻሻያውን ያዘገዩት የሌሎች ወንበዴዎችም መጫወቻ ሆነዋል።

ጥፋቱ የማንም ሰርጎ ገብ ሳይሆን የሚከሰት ብልሽትም አለ። የእአአ 2022 በገባበት ዕለት በብዙ ተቋማት የኤክስቼንጅ ሰርቨሮች ላይ ደብዳቤ ተሰልፎ ቀረ። ምክንያቱ ቫይረስ የሚፈትሸው ክፍል የዓመቱን ቀን 2201010001 በሚል ቁጥር መያዙ ሲሆን፣ ለቁጥሩ የተመደበው ቦታ ከ2147483647 በላይ መያዝ አይችልም ነበር። ደብዳቤዎቹ አልጠፉም፤ ፈታሹን የሚያልፉበት መንገድ እስኪከፈት ወረፋቸውን ጠበቁ። በዓል ላይ የነበሩ አስተዳዳሪዎች ግን ከያሉበት ተጠርተዋል።

በየትኛውም መንገድ የሚሄድ ተቋም በወረቀት ላይ ሊያሰፍራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የኢንተርኔት ስሙ የአገልግሎት ጊዜ የሚያበቃበት ቀን፣ የዲኤንኤስ መዝገቡን የሚከፍተው ሰው፣ በእርሱ ተተኪ የሚሆነው፣ የደብዳቤዎቹ ቅጂ የሚቀመጥበት ቦታና ቅጂው ተሞክሮ የተመለሰበት የመጨረሻ ቀን። ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ ተስፋ እንጂ መጠባበቂያ አይደለም። ይህ መረጃ በአንድ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ካለ፣ ሠራተኛው ሥራ በለቀቀ ማግሥት የተቋሙ ፖስታ ቤት ቁልፍም አብሮት ይሄዳል።

ለተራው ላኪ የሚቀረው ድርሻ አጭር ነው። የተመለሰለትን ማስታወቂያ ሳያጠፋ ለባለሙያው ያስተላልፍ፤ የላከበትን ሰዓት ይመዝግብ፤ ቀነ ገደብ ያለው ጉዳይ ከሆነም ደውሎ «ደረሳችሁ?» ብሎ ይጠይቅ።